ምዕራፍ ሰባት፦ አዲሱ ደጅ ጥናት

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በዱከም የፋብሪካ በሮች ሁለት ዓይነት ሰው ይቆማል። አንዱ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የጣት አሻራውን ለመስጠት ይጣደፋል፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ «ዘግይቷል» ተብሎ ይመዘገብበታል። ሌላው የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ጥበቃውን «ዛሬ ይመዘግባሉ?» እያለ ይጠይቃል። ጥበቃው «ጠብቁ» ይላል። ይጠብቃሉ።

ለዚህ ዓይነቱ መጠበቅ አማርኛ የቆየ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ሹመት ወይም ርስት የፈለገ ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ ደጅ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይቆም ነበር። ስሙን የሚያነሣለት ባለሟል ያገኘ ይገባል፤ ያላገኘ ስንቁን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዛሬ የሰው ሀብት አስተዳደር የምንለው ሙያ ስሙ ቢረዝምም ሥራው አንድ ነው፤ ደጅ ጥናትን በሥርዓት መተካት። ማን እንደሚቀጠር፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ምን እንደሚሠለጥን፣ በምን ምክንያት እንደሚሰናበት ፊት ታይቶ ሳይሆን መስፈርት ታይቶ እንዲወሰን ማድረግ ነው።

በዚያው በር አጠገብ ተቀምጣ ሰዓት የምትቆጣጠር አንዲት ወጣት በምናባችን እንያዝ። ቀን የገባውንና የወጣውን፣ የዘገየውንና የቀረውን ትመዘግባለች። ማታ በተከራየችው ክፍል ስልኳ ላይ ሞጁል ከፍታ ስለ ሰው ኃይል ዕቅድ ታነባለች። የርቀት ተማሪ ናት፤ የምትማረውም የሰው ሀብት አስተዳደር ነው። ይህች ልጅ ግቢ ገብቶ ከሚማረው ተማሪ በምን ታንሳለች? በምንስ ትበልጣለች?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። የምትበልጥበት ነገር ከምታንስበት ይከብዳል፤ ነገር ግን ማንም አያሳያትም። ሞጁሉ ስለ በሩ አይጠይቃትም፤ በሩም ስለ ሞጁሉ አያውቅም። ሁለቱን ማገናኘት የእሷ ፈንታ ነው። ያኔ ደጅ ጥናት ሁለተኛ ትርጉም ያገኛል፤ ደጅ ላይ መቆም መሆኑ ቀርቶ ደጁን ማጥናት ይሆናል።

በር ላይ ያለው ላቦራቶሪ

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በገላንና በቢሾፍቱ መካከል የአዳማን አስፋልት ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን መንገደኛው የሚያውቃት በጥሬ ሥጋዋና በጥብሷ ነበር፤ ዙሪያዋ ደግሞ ስመ ጥሩ የአድአ ጤፍ የሚበቅልበት መሬት ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ ስም አመጣች። የቻይና ባለሀብቶች ያቋቋሙት ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን በአገሪቱ ቀዳሚው የኢንዱስትሪ ዞን ሆነ። ሁዋጂየን የተባለው የጫማ አምራች በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው፤ ፋብሪካው ከመከፈቱ በፊትም ሰማንያ ያህል ኢትዮጵያውያንን ለሥልጠና ወደ ቻይና ልኮ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃው «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የተቀረጸውም በዚሁ ዞንና በዙሪያው ባለው ኅብረተሰብ ላይ ነው።

ለሰው ሀብት ተማሪ እንዲህ ያለ ከተማ ላቦራቶሪ ነው። ትናንት በወቅት ይመራ የነበረ፣ ሲዘራና ሲያጭድ ጊዜውን ራሱ ያዝዝ የነበረ የገበሬ ልጅ ዛሬ በጣት አሻራ ማሽን ይመራል። የመስመር ኃላፊው ምናልባት ቻይንኛ ይናገራል፤ አስተርጓሚው አማርኛ፤ ሠራተኛዋ አፋን ኦሮሞ ወይም ከደቡብ ይዛው የመጣችውን ቋንቋ። በሞጁሉ ውስጥ «ተግባቦት»፣ «የድርጅት ባህል»፣ «የሠራተኛ ፍልሰት» የሚባሉት ርእሶች ሁሉ እዚህ ስምና ፊት አላቸው።

አንዱን ርእስ ብቻ ወስደን እንመልከት፤ የሠራተኛ መልቀቅ።

ለምን ይሄዳሉ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከዱከም ርቆ፣ ዲትሮይት ውስጥ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ የሠራተኛ ፍልሰት በዓመት 370 በመቶ ደርሶ ነበር። ይህ ማለት አንዱን የሥራ ቦታ በሰው ይዞ ለማቆየት በዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አዲስ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራውን አሰልቺ አድርጎታል፤ በከተማው ደግሞ ሌላ ሥራ አይጠፋም። ፎርድ በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር አሳደገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ዝቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ፍልሰቱ ወደ 54 በመቶ ወረደ። ከዚሁ ጋር ግን ሠራተኛው ቤቱን በንጽሕና መያዝ አለመያዙን፣ መጠጥ ማብዛት አለማብዛቱን ቤት ድረስ ሄዶ የሚመረምር ክፍል አቋቋመ። ሙያው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ፊት እንዳለው ከዚህ እንማራለን፤ አንዱ ሰውን የሚያከብር፣ ሌላው ሰውን የሚቆጣጠር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው ተከታተሉ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥራውን ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ በዓመቱ ውስጥ 77 በመቶ የሚሆኑት ከዘርፉ ወጡ። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። የፋብሪካው ደመወዝ በመንደር ሥራ ከሚያገኙት አልበለጠም፤ ድካሙና የጤና ጉዳቱ ግን በለጠ። ብዙዎች ፋብሪካውን የያዙት ሌላ ነገር እስኪገኝ እንደ መሸጋገሪያ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመጀመሪያው ዓመት የነበረውን ፍልሰት ወደ 100 በመቶ ያህል ገምቶታል፤ የመነሻ ደመወዙ በጊዜው በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር።

ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ይህን ስታነብ የምታስታውሰው ቁጥር ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር መታወቂያቸውን መልሰው የሄዱትን ሴቶች ታስታውሳለች። አንዷ ቤት ኪራይ ጨመረባት፤ አንዷ ለጥምቀት አገሯ ገብታ ቀረች፤ አንዷ ከመስመር ኃላፊዋ ጋር ተጣላች፤ አንዷ ጎን ካለው ፋብሪካ ጥቂት ብር ጭማሪ አገኘች። ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ለዚህ መጠይቅ አዘጋጅቶ አድራሻ ማፈላለግ ይጠበቅበታል። እሷ ግን የምታውቀውን ወደ ሒሳብ መለወጥ ብቻ ነው የቀራት።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በወሩ በአማካይ 400 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ እንበል። በወሩ 36 ሰው ከለቀቀ ፍልሰቱ 9 በመቶ ነው። ወሩ ለወሩ ትንሽ ይመስላል፤ በ12 ሲባዛ ግን 108 በመቶ ይሆናል። ይህ ማለት በዓመቱ የሚለቀው ሰው ብዛት ከፋብሪካው ሠራተኛ ይበልጣል። አሁን ዋጋውን እንተምን። አዲስ ገቢ የሚከፈላት በወር 4,160 ብር ቢሆንና የመስመሩን ፍጥነት እስክትይዝ ሦስት ሳምንት ቢፈጅባት፣ ፋብሪካው ገና ሙሉ ምርት ሳያገኝ 3,120 ብር ያህል ከፍሏል። በ36 ሲባዛ በወር 112,320 ብር ነው። የተበላሸው ቆዳ፣ የአሠልጣኟ ጊዜና የዘገየው ጭነት አልተቆጠረም። ይህን ወረቀት ይዞ ሥራ አስኪያጅ ፊት የቀረበ ሰው «ለሠራተኛው እናዝንለት» ብሎ አይለምንም። «በዚህ ገንዘብ የሠራተኛ ሰርቪስ ብንመድብ ይተርፈናል ወይ?» ብሎ ያነጋግራል።

ከፖስታ እስከ ስልክ

እሷ የያዘችው የመማሪያ መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በ1840 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ርካሽ የፖስታ ቴምብር ስትጀምር አይዛክ ፒትማን የተባለ ሰው የአጭር ጽሕፈት ትምህርቱን በፖስታ ላከ፤ ተማሪው መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፣ መምህሩ አርሞ ይመልሳል። በ1858 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትም ሆነው ላጠኑ ሰዎች ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ሳሉ ሕግ ያጠኑት በዚሁ ዓይነት በርቀት ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ያለውን ሰው ዋና ተማሪው አደረገ። ከፒትማን ጀምሮ አንድ ነገር አልተለወጠም። ጽሑፍ መላክ ቀላል ነው፤ ከባዱ አርሞ መመለስ ነው። የርቀት ትምህርት ጥሩነቱም መጥፎነቱም የሚለካው በእርማቱ ነው።

በኢትዮጵያ የርቀት ትምህርት ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ሞጁል ነው፤ በማዕከል የሚታደል ወፍራም ጥራዝ፣ ከኋላው አሳይመንት፣ ቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል፣ መጨረሻ ላይ ፈተና። እንደ ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ከሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እስከ ማስተርስ ድረስ በዚህ መንገድ አስተምረዋል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የጥራት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን አገደ፤ እገዳው በኋላ ቢላላም ጥርጣሬው በቀጣሪዎች ልብ ቀረ። «በርቀት ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በቃለ መጠይቅ ላይ ይነሣል።

ጥርጣሬውን በቁጥር የሚመልስ ነገር የመጣው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደረገ፤ ማለፊያው 50 በመቶ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት 150,184 ሰዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። በግል ተቋማት ከተማሩት ያለፉት ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ። ይህን ቁጥር ሰምቶ ግል ተቋም የተማረውን ሁሉ ማጣጣል ይቀላል፤ ነገር ግን ሌላ ትምህርት አለበት። ፈተናው ስለ ምዝገባውና ስለ ክፍያው አይጠይቅም፤ ዓመታቱ ምን አስቀሩ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ለርቀት ተማሪ ይህ ክፉ ዜና አይደለም። በርቀት ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ሰው «በርቀት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ የሚያፍርበት ነገር የለውም።

አሁን ሞጁሉ ከወረቀት ወደ ስልክ እየገባ ነው። የቴሌግራም ቡድን ቱቶሪያሉን ተክቷል፤ ክፍያው በቴሌብር ይፈጸማል። ለሙያው የሚሆኑ የውጭ ኮርሶችም በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ለምሳሌ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በኮርሴራ ላይ ለኃላፊዎች የሚሆን የሰው ሀብት አስተዳደር ተከታታይ ኮርስ አለው። እነዚህ ኮርሶች ጥሩ ያስተምራሉ። ጉድለታቸው የሚጀምረው በሕጉ ላይ ነው። የአሜሪካ መምህር ሠራተኛን ያለ ምክንያትም ማሰናበት የሚቻልበትን አገር እያሰበ ነው የሚያስተምረው። ዱከም ያለ ሰው ያንን ቃል በቃል ቢተገብር የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ነው።

ካነጋገር ይፈረዳል

የአገራችን ሠራተኛ ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንድ የሰው ሀብት ተማሪ ከመኝታው አጠገብ የሚያኖረው አንድ ሰነድ ቢኖር ይህ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለያዘ የሙያውን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ለማጥናት ያመቻል። ከዚህ አዋጅ ሁለት ነገር ይዘን ወደ በሩ እንመለስ።

የመጀመሪያው ትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመቱ ሳምንታት ሲባዛና ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ወርኃዊ ደመወዟ 4,160 ብር የሆነ ሠራተኛ የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር ነው። አሁን የአንድ ሳምንት ትርፍ ሰዓቷን እንሥራ። ሰኞ ከሥራ በኋላ 3 ሰዓት ቆየች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ክፍያው በ1.5 ይባዛል፤ 90 ብር። ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ሠራች፤ በ1.75 ተባዝቶ 70 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀኗ 4 ሰዓት ሠራች፤ በ2 ተባዝቶ 160 ብር። ድምሩ 320 ብር። ያ ቀን የሕዝብ በዓል ቢሆን ኖሮ የሚባዛው በ2.5 ነበር። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም፤ እሷ 9 ሰዓት ስለሠራች በልኩ ውስጥ ናት። ከመደበኛ ደመወዟ 7 በመቶ፣ ማለትም 291 ብር ከ20 ሳንቲም ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል።

ይህ ስሌት ሞጁል ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው። በፋብሪካ በር ግን የጠብ ሁሉ መነሻ ነው። ሠራተኛዋ በወር መጨረሻ የክፍያ ወረቀቷን ይዛ «ለምን አነሰ?» ብላ ስትመጣ መልሱ «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» ከሆነ ሰኞ አትመለስም። ስሌቱን በወረቀት፣ በምትረዳው ቋንቋ ከሠሩላት ግን ብሩ ባይጨምርም እምነቷ ይጨምራል። ስለዚህ ለተማሪዋ የምሰጣት የመጀመሪያ የቤት ሥራ፣ የራሷን የክፍያ ወረቀት ከላይ እስከ ታች በእጇ ሠርታ ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው ስንብት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የመስመር ኃላፊው በንዴት ይመጣና «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ ዛሬውኑ አሰናብቷት» ይላል። ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ምን ታድርግ? ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አንዱ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ ነው። ነገር ግን ስምንት ማርፈድ በመዝገብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሠራተኛዋ በጽሑፍ እየተነገራት መሆን አለበት። መቅረትም እንዲሁ ነው፤ በስድስት ወር በድምሩ 5 ቀን፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጭምር። አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሥራ መመለስ፣ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረች ሠራተኛ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደመወዟ 180 ጊዜ ተባዝቶ የሚከፈል ካሣ ይከተላል።

አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። የሰው ሀብት ሙያ የዚያ አያያዝ ሙያ ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መቼ ተሰጠ? ፈርማበታለች ወይ? ካልፈረመች ምስክር አለ ወይ? ማንበብ በማትችለው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ተነግሯታል ማለት ይቻላል ወይ? ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ለምን ታረፍዳለች? መዝገቡን ስትገልጥ ማርፈዷ ሁሉ ሰኞ ሰኞ መሆኑን ልታይ ትችላለች። ምናልባት ልጅቱ እሑድ ወላጆቿ ዘንድ አድራ ስትመለስ በሰኞ ሰልፍ ታክሲ እያጣች ይሆናል። ኃላፊው የሚያየው አንዲት ሰነፍ ነው፤ መዝገቡ ግን የሰኞን ታክሲ ያሳያል። የሞጁሉ «የአፈጻጸም ምዘና» ምዕራፍ ሊያስተምር የፈለገው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ምሳሌው ግን የሚገኘው ከበሩ መዝገብ ነው።

ስክሪኑ የማይሰጠው

አሁን ደግሞ የምታንስበትን እንናገር፤ ካልሆነ ማባበል ይሆናል። የሰው ሀብት ሥራ ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። የተቆጣ ሠራተኛን ሳያቋርጡ መስማት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉንም አመልካች በአንድ ጥያቄና በአንድ መለኪያ መመዘን፣ ለተባረረ ሰው ዓይኑን እያዩ ምክንያቱን መንገር፣ እነዚህን ፒዲኤፍ አያስተምርም። ግቢ ያለ ተማሪ ቢያንስ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይንተባተባል፤ መንተባተብም ትምህርት ነው። የርቀት ተማሪዋ ብቻዋን ናት። ማታ መብራት ይጠፋል፤ የቀን ድካም አለ፤ ፓኬጁ ቪዲዮውን ሳይጨርስ ያልቃል።

ለብቸኝነቱ የሚበጀው መድኃኒት በእጅ ያለ ነው። በየፋብሪካው የሚሠሩ፣ ተመሳሳይ መስክ የሚማሩ ሦስትና አራት ሰዎች በሁለት ሳምንት አንዴ እሑድ ከሰዓት ቡና ላይ ቢገናኙ በቂ ነው። አንዱ አሠሪ፣ አንዱ ሠራተኛ፣ አንዱ ታዛቢ ሆኖ አንድ የቅሬታ ጉዳይ ይጫወታሉ፤ ታዛቢው ማን ማንን እንዳቋረጠ ይጽፋል። ኃላፊነት ግን አለበት። የሠራተኛ ፋይል ምስጢር ነው። የጓደኛን ደመወዝ፣ የታመመን ሰው የሕክምና ወረቀት፣ የእርግዝናን ወሬ ከቢሮ ወደ ቡና ማምጣት ሙያውን ገና ሳይጀምሩት ማፍረስ ነው። ጉዳዩ ይነገራል፤ ስሙ አይነገርም።

ለመብራቱና ለፓኬጁ ደግሞ ዘዴው ተራ ነው። ፋይሉን አስቀድሞ ማውረድ፤ የረዘመውን ምዕራፍ ማሳተም፤ ከየምዕራፉ በኋላ በራስ ቃል ግማሽ ገጽ በእጅ መጻፍ። ግማሽ ገጹ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልስ፦ መጽሐፉ ምን አለ? በእኛ ፋብሪካ ምን ይደረጋል? ሦስት ዓመት እንዲህ የጻፈ ሰው ለመውጫ ፈተናው የሚከልሰው ማስታወሻ፣ ለቃለ መጠይቁ የሚናገረው ምሳሌ አያጣም። ከሌላ ሰው የተገዛ አሳይመንት ያስረከበው ግን ሁለቱንም ያጣል።

ከመመዝገብ በፊት

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው፤ ግን አንዱም አይዘለል። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ፈቃድን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱም ለተቋሙ ስም ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ዓይነት ጭምር ነው። አንድ ኮሌጅ በመደበኛ አካውንቲንግ ለማስተማር ስለተፈቀደለት በርቀት የሰው ሀብት ለማስተማር ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ማኅተም ከማመን ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይሻላል። የውጭ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ እዚህ የአቻ ግምት ማግኘት መቻሉ አስቀድሞ ይጣራ።

ከዚያ ወደ ትምህርቱ ራሱ። አሳይመንቱን ማን ያርመዋል? በስንት ቀን? ነጥብ ብቻ ይመለሳል ወይስ አስተያየትም? ከፒትማን ዘመን የወረስነው ፈተና ይህ ነው፤ እርማት የሌለው ርቀት ትምህርት የመጽሐፍ ሽያጭ ነው። የሠራተኛ ሕጉን የሚያስተምር ኮርስ አለው ወይ? ሞጁሉ የሚጠቅሰው ዛሬ የሚሠራበትን 1156/2011ን ነው ወይስ የተሻረውን 377/1996ን? ይህችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ሞጁሉ ስንት ዓመት ሳይከለስ እንደቆየ ማወቅ ይቻላል።

በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት

በመጨረሻ ወደ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንመለስ። ተማሪዋ ስለ ምልመላና መረጣ የሚያወራውን ምዕራፍ ጨርሳ ግማሽ ገጿን ጻፈች እንበል። መጽሐፉ ምን አለ? አመልካች ስንት ሰው እንደሚፈለግ፣ መስፈርቱን፣ መልሱ መቼ እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። በእኛ ፋብሪካ ምን ይደረጋል? ጥበቃው «ጠብቁ» ይላል።

ዲግሪዋን ለመያዝ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ሆኖም ኃላፊዋን አስፈቅዳ በአንድ ወረቀት ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ብትጽፍ ይሆናል፦ ዛሬ ለስፌት 6 ሰው ይፈለጋል፤ ዕድሜ ከ18 በላይ፤ ዋስ የሚጠየቀው ከተመረጡ በኋላ ነው፤ የተመረጡ ሰዎች ስም ሐሙስ በ9 ሰዓት እዚሁ ይለጠፋል፤ ለጥበቃ ሥራ ዛሬ ቅጥር የለም። ወረቀቱን በፕላስተር በሩ ላይ ታጣብቃለች።

ማስረጃቸውን በፕላስቲክ የያዙት ተሰብስበው ያነባሉ፤ ማንበብ ለማይችለው አንዱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ለጥበቃ ሥራ የመጡት ሁለት ወንዶች ተያይተው ፋይላቸውን ያጥፋሉ፤ ገና ሁለት ሰዓት ስላልሞላ ሌላ በር ለመሞከር ይደርሳሉ። የቀሩት ሐሙስን ይቆጥራሉ። እሷ ወደ መዝገቧ ትመለሳለች፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው።